ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ

መስፍኔ፣ የልጄ አባት፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? መስከረም ሲጠባ ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ይሞላል። እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩልህም፤ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ማውራቱ ይበቃኝ ነበር። ዘንድሮ ግን እዚያ ቆሜ ልነግርህ ያፈርኩበት ነገር ስላለ በወረቀት ይሁን አልኩ።

እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሁላችንም ደህና ነን። ልጃችን ሕይወት ሐምሌ መግቢያ ላይ ሴት ልጅ ወልዳ አያት ሆነሃል። ባሏ ድሬዳዋ ሥራ ላይ ስለሆነ ልትታረስ እኔ ዘንድ መጣች። ሕፃኗ ግንባሯ ያንተው ነው፤ ጡት ሲዘገይባት እንዳንተ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ታየናለች።

ግቢያችንን ብታየው ግን አታውቀውም። በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ሰኔም በነፋስና በአቧራ አለፈ። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ ተመስገን ነው፤ የልብስ እጣቢ እያጠራቀምኩ ለሮማኑና ለዘይቱኑ በጣሳ አጠጣ ነበር። ጎመኑ እንደቆመ ደረቀ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጣቴን የሚውጥ ሆነ፤ የባሰው ደግሞ በጓሮ በኩል፣ የጎረቤታችንን የእማ ዘሃራን ግቢ ከበላያችን ተሸክሞ በቆመው የድንጋይ ካብ አጠገብ ነበር። ዝናብ አምጣ ብዬ ስንቴ ለመንኩ። ምነው ባልለመንኩ።

እኔ እዚሁ ፈላና በር ሰፈር ያደግሁት ዝናብ አልፈራም ነበር። ፈሪው አንተ ነበርክ። ከጎጃም ተመድበህ በመጣህበት ዓመት «የኛ አገር ዝናብ ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ የናንተ ግን እንደ ደነበረ ፈረስ ነው» ያልከኝ አይረሳኝም። ሰኔ በገባ ቁጥር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክራቫትህን እንኳ ሳትፈታ ዶማ ታነሣና ከካቡ ሥር ያለውን ቦይ ትጠርግ ነበር። ሰፈሩ «መምህር ወርቅ ቀብሯል» እያለ ይስቅብህ ነበር። እኔም አብሬ ስቄአለሁ። አንድ ቀን ዝናብ እየወረደ እጄን ይዘህ ወሰድከኝና ከድንጋዮቹ መካከል የሚንጠባጠበውን ውኃ አሳየኸኝ። «ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ካቡ እየተነፈሰ ነው። ደፍርሶ ከወጣ ግን ከኋላው ያለው አፈር እየሸሸ ነው፤ ያኔ አትቁሚ» አልከኝ። እኔ ደግሞ ጸጉሬን አስመታኸው ብዬ ተቆጣሁህ።

ዝናቡ የመጣው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሮማኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅጠል አወጣ። ግን አላባራ አለ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ደመናው ከሐኪም ተራራ ይነሣና ግቢያችን ላይ ይገለበጣል። ካቡ ወገቡ ላይ ሲያብጥ አየሁት። ግንበኛ ጠራሁ። በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «አሁን ብነካው ይወርድብኛል፤ መሬቱ ይድረቅ፣ መስከረም ላይ እንሠራዋለን» ብሎኝ ሄደ። እማ ዘሃራም ከላይ ብቅ ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ ይሄ ካብ ስንት ክረምት አሳልፏል፤ አላህ ያቆመው ነው» አሉኝ።

ሕይወትና ሕፃኗ የሚተኙት በጓሮዋ ክፍል፣ አንተ የፈተና ወረቀት ታርምባት በነበረችው ነው። ጸጥ ያለች ናት ብዬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ወደ ሳሎን ውጡ ብላት «እማዬ ደግሞ እንደ አባዬ ሆንሽ» ብላ ሳቀችብኝ። አፈርኩና ተውኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ዝናብ ሲጀምር የያዝኩትን ጥዬ በጓሮ በር ብቅ እላለሁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የገዛ ድምፄን እንኳ አልሰማ አልኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ግቢው በአንዴ ነጭ ሆኗል፤ ጽጌረዳው ተራግፎ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ቀና ስል ካቡ ከወገቡ ላይ ውኃ ይተፋል። እንደ በርበሬ ወጥ ቀይ፣ ድፍርስ። ትንንሽ ድንጋዮች እየተፈናጠሩ እግሬ ሥር ይወድቃሉ።

ያኔ ያልከኝ ትዝ አለኝ።

ወደ ጓሮዋ ክፍል በር ሮጥኩ። ሕይወት ለሕፃኗ ንፋስ ፈርታ ከውስጥ ቀርቅራዋለች። ደበደብኩ፣ ጮኽኩ፤ በረዶው ድምፄን ዋጠው። መስፍኔ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አንተ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም፤ ያኔ ያዘንኩት ሆኖ ስላለቀው ነገር ነበር። ካቡ የተፋውን ድንጋይ አንሥቼ መስኮቱን ሰበርኩት። ፍርግርግ አስገባለት እያልኩ ስነዘንዝህ ሳታስገባለት የቀረኸው መስኮት ነው። እንቅልፍ ባልለቀቀው ፊት አየችኝ። «ልጅቷን ስጪኝ! አሁን!» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በተሰበረው መስኮት አቀበለችኝ፤ እሷ በባዶ እግሯ በበሩ ወጣች። ሳሎን ደፍ ላይ ስንደርስ ካቡ ወረደ። ድምፁ ብዙ አልነበረም፤ የእህል ጆንያ ከጫንቃ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ ነበር። የጓሮዋ ክፍል ግድግዳ አብሮ ተናደ። ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ ሳይ አልጋው የለም። ድንጋይና ጭቃ ብቻ።

እማ ዘሃራ በዚያ ዕድሜያቸው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ መጡ። «ያ ረቢ! ልጆቹስ? ልጆቹስ?» ይላሉ። ሕፃኗን ሲያዩ መሬቱ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ጀምሮ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላሉ። እንዳያዳልጣቸው ብለው ልጆቻቸው አምና ግቢያቸውን በሙሉ ሲሚንቶ አልብሰውላቸው ነበር፤ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ውኃ ሁሉ ወደ ካቡ ወረደ። ቤታቸው ወሰዱን፣ ለሕይወት ገንፎ አገነፉላት፣ «በእኔ ሲሚንቶ ልጅ ላስገድል ነበር» እያሉ ያዝናሉ። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ገንፏቸውን በላሁ።

እዚያ መቃብርህ ላይ ልነግርህ ያቃተኝ ይህ ነው። አንተ የሞትክ ዕለት የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ጠበበ። ዕድርተኞቹ «ይሄ ቦይ ሰው ይጥላል» ሲሉ «ድፈኑት» ያልኩት እኔ ነኝ። በአፈርና በፍርስራሽ ሞሉት፣ ረጋግጠው ወንበር ደረደሩበት። ሰው ሲበተን አልከፈትኩትም። ዶማህን ማየት አልቻልኩም ነበር፤ ኋላም ረሳሁት። አምና ዝናቡ ስላነሰ ምንም አልሆነም፤ ዘንድሮ ግን የካቡ ውኃ መውጫ አጣ።

በአራተኛው ቀን ለእማ ዘሃራ ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አሻሹ። ከዚያ «እኔም እኮ እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ወንበሬ ቦዩ ላይ ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ወንዶች ልጆቻቸው መጥተው ቦዩን እንደገና ቆፈሩልኝ፤ ከላይም የሲሚንቶውን ጠርዝ ሰብረው ውኃውን ወደ መንገድ መለሱት።

አሁን ነሐሴ ነው። የካቡ ግማሽ ገና አልወደቀም፤ ግንበኛው አሁንም መስከረም ይላል። የእማ ዘሃራ ቤት ከአፋፉ ራቅ ብሎ አለት ላይ ስለተሠራ፣ ከምሳ በኋላ ሕፃኗን ይዘን ወደዚያ እንወጣለን። ባጃጅ ሲያልፍ ካብ የሚናድ ይመስለኛል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ ደጋግሜ ወጥቼ የሚንጠባጠበውን አያለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርህ? ያንን ድፍርስ ውኃ ሳይ ቃልህ ባይመጣልኝስ ኖሮ? ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ስንት ነገር ነግረኸኝ፣ እኔ ስስቅ ወይም ስቆጣ አመለጠኝ? ድምፅህን እንኳ እያጣሁት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ፊትህን አስታውሼ ድምፅህ አይመጣልኝም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ያልከኝን ትዝ ባለኝ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ዘይቱን መቼ እንደሚገረዝ፣ የቱ ጎረቤት ሳይጠየቅ እንደማይረዳ፣ ሻይ ሳይበርድ መጠጣት ለጥርስ እንደማይበጅ ሳይቀር። ሕይወትም የማላውቃቸውን ሦስት ጨምራበታለች። ሕፃኗ መስከረም ላይ ክርስትና ትነሣለች፤ ለቄሱ የሷን ስም ስሰጥ ያንተንም ለጸሎት አስይዛለሁ። ማንበብ ስትችል ደብተሩ የሷ ነው።

ደመናው ሐኪም ተራራ ላይ ወጥቷል። ሕፃኗን ላንሣ።

ያንተው አስቴር