«ዘንድሮ አገር እንገባለን»

ናይሮቢ፣ ሰኔ 1976 ዓ.ም.

ልጄ የውብዳር፣ ጌታ በዚያ በስዊድን ብርድ ውስጥ በእጁ ይሸፍንሽ። እኔም አባትሽም ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ የጣሪያውን ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል።

እዚህ ዝናብ ጠፍቶ ኡንጋ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት እንኳ በሰልፍ ሆኗል። ችግሩ እንደሚመጣ ታውቆኝ ከጥር ጀምሮ ጣሪያው ላይ ድርቆሽ ሳደርቅ፣ በርበሬ ሳሰጣ ከረምኩ። ጆንያ ሙሉ አድርጌ አልጋ ሥር ደበቅኩ። የደበቅኩት ከሌባ አይደለም፣ ከአባትሽ ነው። እሱ እንደሆነ ከመጣን ጀምሮ «ዘንድሮ አገር እንገባለን፤ ለማን ነው የምታከማቺው?» ይላል። ከሳምንት የሚያልፍ ጨው እንኳ አያስገዛኝም። ሻንጣውን እስከ ዛሬ አላራገፈም፤ ሸሚዝ ሲፈልግ ከዚያው ይመዛል፣ ታጥቦ ሲደርቅ እዚያው ይመልሳል።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ለገና አዲስ አበባ እንገናኝ ይሆናል» ብለሽ የለ? ያንን አንብቦ ሲጨርስ ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው። ለካ ያውቅ ኖሯል። ለጸሎት ቤታችን ሰዎች አደለው፣ እየሳቀ። አሁን ማታ ማታ እሱው ራሱ «ድርቆሽ የለም እንዴ?» ይለኛል። ተቃጥዬ የኡንጋ ገንፎውን አቀርብለታለሁ።

እግዚአብሔር ዘመንሽን ያለምልመው፣ የልፋትሽን ፍሬ ያብላሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሁለተኛ እንደዚያ ብለሽ አትጻፊ። ለእሱ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔም ያንን ካነበብኩ ወዲህ በርበሬ ላሰጣ ስነሳ «ለማን ነው የማከማቸው?» እያልኩ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

እናትሽ ጥሩወርቅ