የኅዳር ጭስና የወንድሜ ጉሮሮ

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ጉለሌ

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጠለ። ጭሱ ወንድሜ ከተደበቀበት ኮርኒስ ውስጥ ገባ። ጉንፋኑ ከለቀቀው ሰንብቷል፤ አክታው ነው ከጉሮሮው አልወርድ፣ አፍንጫው ነው አልከፈት ያለው። አፉን በጨርቅ አፍኖ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ድምፁ እንዳይለይ እኔም ከታች ሆኜ አብሬው እጠርጋለሁ። የእኔው ጉሮሮ ቆሰለ፤ የእሱ አልጠራም። ምነው ትንፋሹ በቆመ ያልኩበት ጊዜ አለ። እመብርሃን ይቅር ትበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ዳማከሴ ጨምቀው በሲኒ አመጡልኝ። ልጃቸው የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነው።

«ሳልሽ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል፣ ልጄ። በይ ጠጪ» አሉኝ።

ያን መራራ ተጎንጭቼ ሳለሁ ከላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ማስመሰል አልቻልኩም፤ አፌ ሙሉ ነበር። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ነጠላቸውን አጣፉና በሩ ላይ ሲደርሱ፣

«ሁሉንም አትጨርሺው» ብለውኝ ወጡ።

የቀረውን ለወንድሜ አቀበልኩት። አሁን ዝም ብሏል። ከግድግዳው ማዶ ልጃቸው ከጥበቃ ገብቷል። እናትና ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።