መርዘኛውን ባለ ብርማ ጎን ዓሣ ለይተው ለሰባት ሰው መትረፍ ሰበብ የሆኑት የአቶ ዑበይዱላህ ሐሰን የሕይወት ታሪክ

አቶ ዑበይዱላህ ሐሰን ከአባታቸው ከአቶ ሐሰን ይማምና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዑምኩልሱም አሊ በጥር ወር 1969 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከውኃው ዳር ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩና ገና ፊደል ሳይቆጥሩ መረብ መጠገን ለመዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ሐይቅ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1992 ዓ.ም. ወ/ሮ ሱረያ ባድሩን አግብተው ዙለይሃንና ሙሀይሚንን ወለዱ።

ኑሮ ሲከብዳቸው በ2001 ዓ.ም. ወደ ሳዑዲ ተሻግረው በቀይ ባሕር ዳርቻ ዓሣ በመለየትና በማጽዳት ሥራ ተቀጠሩ። ለመጠየቅ አያፍሩም ነበር። ከሽማግሌ አጥማጆች እየተማሩ የየዓሣውን ጥርስና ክንፍ በደብተር ይሥሉ፣ የት እንደሚውልም ይጽፉ ነበር። አብልጠው ያጠኑት ዐረቦቹ አርነብ፣ ማለትም ጥንቸል፣ የሚሉትን ነው። ጎኑ እንደ ብር ያበራል፤ ጀርባው ነጠብጣብ ነው፤ ፊት ለፊት አራት ሰፋፊ ጥርስ አለው። ከዳርቻው ሳይርቅ በአሸዋማው ወለልና በባሕር ሣሩ መካከል ስለሚኖር በቀላሉ መረብ ይገባል። መርዙን ግን እሳት አያጠፋውም።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ አብረዋቸው የሚኖሩ ስምንት የአምባሰል ልጆች ድስት ከበው አገኟቸው። የቀቀሉት አሸዋ ላይ ተጥሎ ያገኙትን ዓሣ ነው። አቶ ዑበይዱላህ የተጣለውን ጭንቅላት አንስተው አፉን ከፍተው አዩ። ወዲያው ድስቱን መሬት ላይ ደፉት።

ከልጆቹ አንዱ፣ የውጫሌው ሀሚድ፣ «ጋሼ፣ ምን በደልንዎ? ከትናንት ጀምሮ እኮ አልበላንም» አላቸው።

«የቀመሰ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ሙላት ብቻ፣ «እኔ ጉበቱን ቀምሻለሁ» አለ። ከንፈሩ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። አዝለው ሐኪም ቤት ቢያደርሱትም በዚያው ቀን አረፈ። ሰባቱ ተረፉ።

በ2010 ዓ.ም. ወደ አገር ሲመለሱ ሚኒባሱ ሐይቅ ቢደርስም አልወረዱም። ዘጠኝ ዓመት የናፈቁትን ቤታቸውን አልፈው ቀጥታ ውጫሌ፣ የሙላት እናት ወ/ሮ ጥሩሰው ዘንድ ሄዱ። እሳቸውም፣ «ልጄን ያዘለው ጀርባ ይኼ ነው?» ብለው እጃቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ሳይጠያየቁ ቀርተው አያውቁም። ሐይቅም ገብተው ጀልባ ሠሩ፤ ፈዲላንም ወለዱ።

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. አንዳች ሕመም አልነበራቸውም። ጠዋት ፈዲላን ትምህርት ቤት አደረሱ። ለባለቤታቸው፣ «ለምሳ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። አራት ሰዓት ላይ ጀልባቸውን ወደ ውኃው ሲገፉ ወደቁ፤ አልተነሡም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። መርዶው ሲደርስ ወ/ሮ ሱረያ ለምሳው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ሰምተውም ከትፈው እስኪጨርሱ ቢላውን አላስቀመጡም።

አቶ ዑበይዱላህ በ48 ዓመታቸው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተው ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀሊሉ ቀብራቸውን አስፍቶ በኑር ይሙላላቸው፤ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው። ስማቸውን ጠርተን «ነበሩ» ማለት ላቃተን ለሁላችንም ሶብሩን ይስጠን። አሚን።