የ“እሳት ዳር” እናት፣ ወይዘሮ ኦይሪክ ማኮሌይ

ወይዘሮ ኦይሪክ ማኮሌይ ከአባታቸው ከአቶ ቶርኩል ማኮሌይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሪስቲዮና ማክሊዮድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1946 በልዊስ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቶርሚስታይ በምትባለው በዚህችው መንደራችን ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በቀብር ጸሎት ላይ ሟችን ማወደስ አይፈቀድም። ስለዚህ ይህ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ነገ በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ዛሬ እዚሁ ቤታቸው፣ ከጸሎቱ በኋላ ነው። የጻፈችው የእኅታቸው ልጅ ሾናክ ናት። እርሳቸውም ቢሆኑ ውዳሴ አይወዱም ነበር፤ ሰው ማመስገን ሲጀምር ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል። እንግዲህ የሆነውን እንደሆነ እንጂ አሳምረን አንነግራችሁም።

ወይዘሮ ኦይሪክ አፋቸውን የፈቱት በደሴታችን ቋንቋ በጋሊክኛ ነው። አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ስለ እንግሊዝኛ የሚያውቁት ከራዲዮ የሚወጣ ጫጫታ መሆኑን ብቻ ነበር። በ1951 ትምህርት ቤት ሲገቡ የተቀበሏቸው መምህርት የጎረቤት መንደር ሰው ነበሩ፤ ከአጥር ውጭ በጋሊክኛ “እንዴት አደራችሁ” የሚሉ፣ ከአጥር ውስጥ ግን ጋሊክኛ የተናገረን ልጅ መዳፉን በቆዳ ጠፍር የሚገርፉ። “ኦይሪክ የሚባል ስም የለም” ብለው ኤፊ ብለው መዘገቧቸው። እስኪያገቡ ድረስም በዚሁ ስም አቤት ሲሉ ኖሩ።

ሁለተኛ ደረጃን በስቶርኖወይ ጨርሰው በ1963 በዚያው ከተማ በስልክ አገናኝነት ተቀጠሩ። እንግሊዝኛቸው ተስሎ፣ በሽቦ የሰማቸው ሁሉ የለንደን ሴት ይመስሉት ነበር። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ አንደብቅም።

በ1969 ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ሙርዶ ጋር በሕግ ተጋብተው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ከቤታቸው ጎን ባለው ዳስ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ መሸመን ጀመሩ፤ ሙያውንም እስከ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ድረስ ይዘውት ቆይተዋል። በ1972 አንድ ልጃቸውን ኬኔትን ወለዱ።

ባልና ሚስቱ ስለዚህ ልጅ አንድ ውሳኔ ወሰኑ። እርስ በርሳቸው በጋሊክኛ እየተነጋገሩ ልጁን በእንግሊዝኛ ብቻ ሊያሳድጉት ቆረጡ። በዚያ ዘመን በዚህች መንደር እንዲህ ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማንም ድንጋይ አያንሣ። ልጁ እንዲገባው የማይፈለግ ነገር ሁሉ፣ የዕዳውም፣ የሐሜቱም፣ የሕመሙም ወሬ በጋሊክኛ ይወራ ነበር። አያቱ ወይዘሮ ካሪስቲዮና በዚህ ተከፍተው፣

“የልጅ ልጄን በምን አፍ ልጥራው ነው?” አሏቸው።

“በእንግሊዝኛ ጥሪው እንጂ፣ እማማ። ጥቂት ትችያለሽ።”

“የምችለው ለላም ሐኪሙ የምነግረውን ነው። ልጁን ‘ሆዷ ተነፍቷል’ ልበለው?”

ወይዘሮ ኦይሪክ ሳቁ፤ ውሳኔያቸውን ግን አልለወጡም። “ጋሊክኛ ከወደቡ ወዲያ ዳቦ አይገዛም” አሉ። አያትየው እስኪሞቱ ድረስ የልጅ ልጃቸውን ራሱን እየደባበሱ ዝም ይሉ ነበር።

በ1983 የአቶ ሙርዶ ጀልባ ከመንደሩ እየታየች ተገለበጠች። አስከሬናቸው ከቀናት በኋላ ተገኝቶ እዚሁ ክፍል ውስጥ አረፈ። እንደ ደንባችን ሦስት ማታ ሰው ተሰበሰበ፤ መሪው የዳዊትን መዝሙር ስንኝ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ሽማግሌዎቹም ስለ ሙርዶ ያወራሉ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ኬኔት በአባቱ ሣጥን አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። በሁለተኛው ማታ አንድ የጀልባ ባልንጀራቸው ተነሥቶ ስለ ሙርዶ ረጅም ነገር ተናገረ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። ልጁ ፊት ለፊት እያየ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ዘግይቶ ሰዎቹ ካለቀሱ በኋላ መጣበት።

“እማዬ፣ አባዬን ምን አሉት?” ብሎ ጠየቀ።

“በኋላ እነግርሃለሁ።”

አልነገሩትም። በሐዘን ላይ ነበሩ፣ ከዚያም ሽመናውና ዕዳው ተከተለ፣ ከዚያም ነገሩ አለፈ። ኬኔት አሥራ ስድስት ሲሞላው ወደ አበርዲን ሄደ፤ በኋላም በሰሜን ባሕር የነዳጅ ማውጫ ላይ ሥራ ያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል፤ ስለ አየሩና ስለ ጤና በእንግሊዝኛ ተነጋግረው ስልኩን ይዘጋሉ። ጠብ አልነበራቸውም። የሚባባሉት ነበር ያለቀባቸው።

በ2007 ወይዘሮ ኦይሪክ የሽመና ሥራቸውን አቁመው፣ የእኅታቸውን ልጅ ኮምፒውተር እንድታስተምራቸው አስገደዷት። በዚያው ዓመት “እሳት ዳር” ብለው የሰየሙትን የጋሊክኛ መማሪያና መጫወቻ ማኅበር በኢንተርኔት ከፈቱ። ስሙን ያወጡት ከድሮው ልማዳችን ነው፤ ማታ ማታ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት በር አይንኳኳበትም፣ ግን ባዶ እጅም አይገባበትም፤ ወይ ተረት፣ ወይ ዘፈን፣ ወይ ወሬ ይዞ ነው። በገጻቸውም አዲስ የገባ ሁሉ አንድ ነገር እንዲያመጣ ያዝዙ ነበር። እርሳቸው የሽመና ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ዓሣ በጨው እንዴት እንደሚታሽ ያሳያሉ፣ አባላቱ የጻፉትን ያርማሉ። ለምን እንደጀመሩት ሲጠየቁ፣ “የራሴን ቤት አቃጥዬ አሁን የሰው ቤት ላይ ውኃ እደፋለሁ” ይሉ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ጉዳዩ አይናገሩም።

አባላቱ ከአራቱም የዓለም ማዕዘን መጡ። ከሁሉም የሚቀርቧቸው ከባሕር ማዶ፣ የብሬመን ከተማዋ ወይዘሮ ኢልዜ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የትራም፣ የከተማ ባቡር፣ ሾፌር። “የኢልዜ ጋሊክኛ ከደሴቷ ልጆች ይበልጣል” ይሉ ነበር። ይህን በልጆቻችን ፊት መናገራቸው ደግ አልነበረም።

ማኅበሩ አንድ የማይላወስ ሕግ ነበረው። በሰንበት ማንም አይጽፍም። በዚህች ደሴት እሑድ ልብስ በገመድ ላይ አይሰጣም፤ እሳት ዳርም የደሴቷ እሳት ነው ብለው ነበር። ከአውስትራሊያ አንዱ አባል፣ “እትዬ ኦይሪክ፣ እዚህ እኮ ሰኞ ነጋ” ብሎ ቢጽፍላቸው፣ “ይንጋ። እሳቱ ያለው እዚህ ነው” ብለው መለሱለት። የማይስማማ ብዙ ነበር፤ ግን ይወዷቸው ስለነበር ታዘዙ።

በ2014 “ባሕረኛው” የሚል ስም ያወጣ ሰው ወደ ማኅበሩ ገባ። ፎቶግራፍ አላስቀመጠም፣ ድምፁንም አላሰማም፤ ይጽፍ ነበር ብቻ። ሌሎቹ ሰላምታና የምግብ ስም ሲጠይቁ እርሱ የሚጠይቀው ሰው የሞተበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ነበር። ወይዘሮ ኦይሪክ ወደዱት። ጥያቄዎቹን ሁሉ ከሌላው አስቀድመው ይመልሱለት ነበር። አንድ ቀን ድንች እየላጡ ለእኅታቸው ልጅ፣ “ይሄ ባሕረኛ ጎበዝ ነው። እናቱ ምን ሆና ነው ያላስተማረችው?” አሏት።

ይህ ሰው ግን እሑድ ይጽፍ ነበር። አስጠነቀቁት፤ “ሌላ ቀን አይመቸኝም” ብሎ መለሰ፣ ምክንያቱን አልገለጸም። ደግመው አስጠነቀቁት። በ2016 የጸደይ ወቅት እንደገና እሑድ ሲጽፍ፣ “ለእግዚአብሔር አንድ ቀን መተው ያልቻለ ሰው ለቋንቋ ዕድሜውን አይሰጥም” ብለው በሁሉ ፊት ጽፈው ከማኅበሩ አስወጡት። አንዳንዶች አማለዱት። አልሰሙም።

በኅዳር 2021 ወይዘሮ ኦይሪክ በስትሮክ ተመትተው በአውሮፕላን ከባሕሩ ማዶ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ እንግሊዝኛቸው ግን ሄደ። ሐኪሞቹ ኋላ የገባ ቋንቋ ቀድሞ እንደሚወጣ አስረዱ። የለንደን ሴት ያስመስላቸው የነበረው አፍ አንድ ቃል ሳያስቀር ጠፍቶ፣ የቀረላቸው እናታቸው ያስተማሯቸው ነበር። በዚያ ሆስፒታል ጋሊክኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ማዕበል ስለነበር መርከቡ ቆሞ እኛም መድረስ አልቻልንም። አልጋቸው አጠገብ የነበረው ኬኔት ብቻ ነው።

ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ መቆየት የሚችል ሰው ስለፈለገ፣ ኬኔት ከሾናክ ቁጥር ተቀብሎ ለወይዘሮ ኢልዜ ደወለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የብሬመን የትራም ሾፌር በእናትና በልጅ መካከል አስተርጓሚ ሆኑ። ኬኔት ስልኩን በእናቱ ጆሮ ላይ ይይዛል፤ ከዚያ ወደራሱ ጆሮ ያዞረዋል። “ትራሱን ከፍ አድርግልኝ ነው የሚሉህ” ይሉታል። “ሾርባው ጨው የለውም ነው የሚሉህ።” ሁለቱ ሴቶች ስለ በግና ስለ ድሮ ዘፈን ሲጫወቱ እጁ እስኪዝል ድረስ ስልኩን ይይዝላቸው ነበር። እናቱ ሲስቁ ያይ ነበር፤ በምን እንደሚስቁ አያውቅም።

እሑድ ደረሰ። ወይዘሮ ኢልዜ እትዬ እንዳስተማሯቸው ሰንበትን ጠብቀው ስልካቸውን አጥፍተው ዋሉ። ኬኔት ተማርኩ ካለው የቀረችውን ትንሽ ነገር ሰብስቦ፣ የእናቱን እጅ ይዞ በጋሊክኛ እንዲህ አላቸው፦

“እማዬ፣ ባሕረኛው እኔ ነኝ።”

በነዳጅ ማውጫው ላይ የጋራው ኮምፒውተር ተራ ለእርሱ የሚደርሰው እሑድ ብቻ ነበር። ስሙን የደበቀው በእናቱ ፊት በሕፃን አፍ መንተባተብ አሳፍሮት ነው። ሲበረታ አንድ ቅዳሜ ደውሎ በጋሊክኛ ሊያናግራቸው አስቦ ነበር። ሲባረር ጊዜ ተወው። ለሾናክ ሲነግራት፣ “ቂም አልያዝኩም። እውነትም ሕጉን አፍርሼ ነበር” አላት።

ወይዘሮ ኦይሪክ የሰሙትን ተረዱ። እያለቀሱ መናገር ጀመሩ፤ ብዙ ተናገሩ፤ ሻዩ መጥቶ እስኪቀዘቅዝ ተናገሩ። ኬኔት ከሁሉም የለየው የአባቱን ስም ነው፤ ደጋግመው ይጠሩት ነበር። አንድ ጊዜ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። ብሬመን ደወለ፤ ስልኩ አይነሣም። እዚህ ደወለ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ድምፃቸውን መቅዳት አላሰበም፤ ስልኩን እንዳስቀመጠ ሁለቱንም እጁን ያዙት። ሲጨርሱ መልስ የሚጠብቁ መስለው አዩት። እርሱ የሚያውቃት መልስ “አዎ” ብቻ ነበረች፤ እርሷን አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ስትሮኩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ቋንቋ አልተናገሩም። ጥር 9 ቀን 2022 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከትናንት ጀምሮ ብዙ ሰው ኬኔትን ከበው፣ “እንዲህ ብለውህ ይሆናል፣ ይቅርታ ጠይቀውህ ይሆናል” እያሉ ሊያጽናኑት ይሞክራሉ። ለበጎ ነው። ግን አናውቅም፤ የማናውቀውን በአፋቸው አናስገባ። ወይዘሮ ኢልዜም ከብሬመን መጥተው እዚሁ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ያደረጉት የታዘዙትን ነውና ማንም እንዳይወቅሳቸው፣ ከሁሉ በፊት ኬኔት ይለምናችኋል። ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘውም እርሱ ነው።

ወይዘሮ ኦይሪክ ልጃቸውን ኬኔትን፣ የልጅ ልጃቸውን ራውናይትን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ዶሊናን፣ የእኅታቸውን ልጅ ሾናክንና በየአገሩ ያሉ የእሳት ዳር ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ነገ በመቃብሩ ራስጌ፣ ሣጥኑ ከሚወርድባቸው ገመዶች የመጀመሪያውን የሚይዘው ኬኔት ነው።

እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም፤ ነፍሳቸው በፈጣሪያቸው እጅ ናት፣ እርሱም የሚያደርገውን ያውቃል። ጸሎቱ ለቀረነው ነው። እንግዳ ደራሽ ሲገባ መላው ቤት ለአንድ ሰው ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የመዞር ጨዋነት አለን፤ ለዚህ ልጅም ዕድሜውን በሙሉ ስንዞርለት ኖረናል። ከትናንት ጀምሮም በገባ ቁጥር ወሬያችንን አቋርጠን፣ ጉሮሯችንን ጠርገን ዞረናል። ዛሬ ማታ አትዙሩ። ባይገባውም በጋሊክኛ ንገሩት፤ ስለ እናቱ ንገሩት፣ ስለ አባቱ ንገሩት፤ ሲጠይቃችሁ ደግማችሁ ንገሩት። “በኋላ” የሚለውን ሰው ግን እግዚአብሔር ከዚህ ቤት ያርቅልን። አሜን።