ስለ ሦስቱ ገንዳ ቄጠማዬ የሰጠሁት ቃል

እኔ ሰይፈሥላሴ አድማሱ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ በዌስት አዳምስ ሰፈር በኪራይ ቤት የምኖር፣ ዛሬ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ አጽፌአለሁ። አእምሮዬ ጤናማ ነው። ይህን የምለው ደንቡ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ረግረግ ሠርቶ ዓሣ ዘበኛ የሚቀጥር ሰው ጤነኛ መሆኑን ጎረቤቶቼ ሲጠራጠሩ ኖረዋል። ሰኞ ልቤ በቀዶ ጥገና ይከፈታል። ሐኪሙ "አይፍሩ" ስላለኝ ፈርቻለሁ።

ጸሐፊዬ የነፍስ አባቴ ቀሲስ ብርሃነመስቀል ናቸው። ምስክሮቼ የታክሲ ነጂው ሰልማንና በፌርፋክስ ጎዳና የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘቢደር ናቸው፤ ወይዘሮዋ ሱቁ ስለሚጠብቃቸው አስቀድመው ፈርመዋል። በመካከል የሚነገረው ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፤ እርሳቸው ባሉበት ሳይቋረጥ ያለቀ ንግግር የለምና።

አንደኛ፤ ሚስትም ልጅም የለኝም። አሮጌዋን ቶዮታዬን በርባንክ ለሚኖረው ለወንድሜ ልጅ ለፍሬአብ ሰጥቻለሁ። የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። አስቀድሜ የምናገረው በየመንገዱ እንዳይረግመኝ ነው።

ሁለተኛ፤ ልብሶቼን የፈለገ ይውሰድ። የፓርኪንግ ዩኒፎርሜን ግን ጣሉልኝ። የሰው መኪና ሳቆም ያረጀሁበት ነው፤ እርሱን ለብሼ ብቀበር መላእክት ቁልፍ ያቀብሉኛል ብዬ እሰጋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቄጠማው። አንድ የፋሲካ ሰሞን ከወይዘሮ ዘቢደር ሱቅ ገብቼ የሚሸጡትን የፕላስቲክ ቄጠማ አየሁና፣ "ይህን ነው ቀዳም ሥዑር ራሳችን ላይ የምናስረው?" ብዬ ሣቅሁ። እርሳቸውም በደንበኞች ፊት "እስቲ አንቱ አብቅሉና እንይ!" አሉኝ። ጤና አዳም እንኳ በእጄ ጸድቆ የማያውቀው ሰውዬ፣ እልህ ይዞኝ ከመንገድ ዳር የተጣለ የመታጠቢያ ገንዳ እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ።

በመጀመሪያው ዓመት በከረጢት የሚሸጠውን ቀላል አፈር ሞልቼ ውኃ ባፈስስበት፣ አፈሩ ከነችግኙ ተንሳፈፈ። በሚቀጥለው ዓመት ከባድ ጭቃ አደረግሁ፤ ጭቃው ያዘ፣ ቢምቢም ተፈለፈለ። ወይዘሮ ዘቢደር ጓሮዬን "የቢምቢ ትምህርት ቤት" ብለው ሰየሙት፤ ስሙ በፌርፋክስ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። የቢምቢ እጭ የሚበሉ ትንንሽ ዓሦች ጨመርሁ። ዓሦቹን ደግሞ ራኩን የሚሉት የዚህ አገር የሌሊት አውሬ በላቸው። ለራኩኑ ይቅርታ አድርጌአለሁ፤ ለትምህርት ቤቱ ስም ግን ገና ነኝ።

ሁለት ገንዳ ጨምሬ፣ ሌሎች ዓሦች አስገብቼ በላያቸው መረብ ዘረጋሁ፤ በመጨረሻ በቀለ። ቀዳም ሥዑር ዕለት ቀሲስ ባርከው ሲያድሉ ወይዘሮ ዘቢደር ተቀበሉ፣ ራሳቸው ላይ አሰሩ፣ ወደ እኔ ዞረውም "አጭር ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ "አጭር ነው" ይላሉ፤ በየዓመቱም ያስራሉ። ፕላስቲኩን መሸጥ መተዋቸውን ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም። ሱቅ ገብቼ ያየሁት ራሴ ነኝ።

እኔ ከሞትሁ የቤቱ ባለቤት ገንዳዎቹን ያስጥላል። ቄጠማው ውኃ የሚጨምርለት ካጣ ለፋሲካ አይደርስም። ስለዚህ ሦስቱን ገንዳ ከነቄጠማው ከነዓሦቹ ለወይዘሮ ዘቢደር ሰጥቻለሁ። የቧንቧ ውኃ በባልዲ ሳያድር አይጨመርበት፤ መድኃኒቱ ዓሦቹን ይገድላል። ለእርሳቸው የሰጠሁበት ምክንያት ከሱቃቸው ጀርባ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ስላለ ነው።

ወይዘሮ ዘቢደር፦ "ፀሐይ ስላለኝ ብቻ?"

ሰልማን፦ "ጋሼ፣ ዌይት። ለእናቴ ኑዛዜ ስናሠራ ሎየሩ ነግሮናል፤ ምስክር ሆኖ መውረስ ጥሩ አይደለም። እትዬ ዘቢደር ደግሞ ኦልሬዲ ሳይን አድርገዋል። ሶ፣ ወይ ምስክር ይሁኑ ወይ ይውረሱ።"

ወይዘሮ ዘቢደር፦ "እንግዲያው ምስክርነቱ ይበቃኛል። ፀሐይ ያለው ሰው ሞልቷል።" ቦርሳቸውንም አነሡ።

ቀሲስ፦ "ልጄ፣ ምክንያቱ ፀሐይ ነው ብዬ ልተወው?"

አባቴ፣ ይሰረዝና እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። ሰው በእልህ አንድ ፋሲካ ያበቅል ይሆናል፤ ቢበዛ ሁለት። ይህን ሁሉ ዘመን ጭቃ ሲያቦካ የኖረው ግን ወይዘሮ ዘቢደር "አጭር ነው" ሲሉት ለመስማት ነው። እወዳቸዋለሁ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ልነግራቸው ሱቅ በገባሁ ቁጥር ኮረሪማ ገዝቼ ወጥቻለሁ፤ ቤቴ ያለው ኮረሪማ ለፍሬአብ ይሰጥ። ይህን ለመናገር ልቤ በሐኪም እስኪከፈት የጠበቅሁ ፈሪ ነኝ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ዘቢደር ቦርሳቸውን አስቀመጡ፣ ከቀሲስ እጅ ብዕሩን ተቀበሉ። የጻፉትን ለማየት ብንጠራራም ወረቀቱን በክንዳቸው ጋረዱብን።

ይህ ቃሌ ነው፤ ተነቦልኝ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ሰይፈሥላሴ አድማሱ (ፊርማ)

ምስክር፦ ሰልማን ጀማል (ፊርማ)

ምስክር፦ ዘቢደር ታፈሰ። ይህ ስምና ፊርማ በራሳቸው በወይዘሮ ዘቢደር እጅ ተሰርዟል። ከጎኑ በእጃቸው የተጻፈው፦ "ሰኞ ሆስፒታል የማደርስህ እኔ ነኝ። ቄጠማው አሁንም አጭር ነው፤ ተመልሰህ አሳድገው።"

በእርሳቸው ምትክ ጸሐፊና ምስክር፦ ቀሲስ ብርሃነመስቀል (ፊርማ)