የፌሊኩላ የመቃብር ድንጋይ

ሚያዝያ 4
ዝናብ። የነከርነው የበግ ሱፍ ሳይደርቅ ዋለ። ቢጫው ቀለምም አልያዘ... ወንድሜ ሉፐርኩስ ጥፋቱ የውኃው ነው ይላል፣ እኔ የሱ ነው እላለሁ። ስንነታረክ ዋልን።
ልጄን ፌሊኩላን ላያት ስምንት ቀን ቀረኝ። አባቷ ኤግናቲዮስ ከፈታኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅ የአባት ነው በሚለው ሕግ እሱ ጋ ቀረች፤ በወር አንዴ ብቻ አያታለሁ። ባለፈው አዲሲቱን ሚስቱን ጴጢሊያን "እማዬ" ስትላት ሰማሁ። ጴጢሊያ ደንግጣ አየችኝ። ምን ያስደነግጣታል? ያስተማረቻት እሷ አይደለች?

ሚያዝያ 9
ልጄ ሞተች። ትናንት። ትኩሳት ነው አሉ። የሰማሁት ከዓሣ ሻጭ ነው።

ሚያዝያ 10
ቀብረዋታል። ሳይነግሩኝ።

ሚያዝያ 15
ኤግናቲዮስ ጋ ሄድኩ። ገመድ መሸጫው ደጃፍ ላይ፣ ደንበኞቹ ፊት አቆመኝ፤ ግቢ እንኳ አላለኝም። ለምን ሰው እንዳልላከብኝ ጠየቅሁት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር አለ። ሥራ...
የመቃብር ድንጋይ አዝዟል። ወደ ሮም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያይለት። ከሥሩ የአባትና የእናት ስም ይጻፋል። የሱና የጴጢሊያ!
"የወለድኳት እኔ ነኝ" አልኩት።
"የቀበርኳት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አውፊዲያ" አለኝ።
ደጃፉ ላይ ተፍቼ ሄድኩ።

ሚያዝያ 19
ጴጢሊያ መጣች። ድፍረቷ! ማቅለሚያው ቤት ገብታ ከጋኑ አጠገብ ቆመች። ተቀመጪ አላልኳትም።
ድንጋዩ ላይ ልጅቷ የኖረችው ዓመት፣ ወርና ቀን ይጻፋል። ኤግናቲዮስ የተወለደችበትን ቀን አያውቀውም። ያን ሰሞን ለንግዱ ባሕር ተሻግሮ ነበር። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።
ስሜ ይጻፍ፣ ቀኑን እነግራችኋለሁ አልኳት። እሺ አይልም አለች። እንግዲያው ውጪልኝ አልኩ። ወጣች። ደስ አለኝ... ምኑ ነው ደስ ያለኝ?

ሚያዝያ 22
ኤግናቲዮስ "በቃ፣ አራት ዓመት ብላችሁ ጻፉ" ብሏል አሉ። ሦስት ዓመት ከአሥር ወር ከአሥራ ሰባት ቀን ነው የኖረችው። እንደ ገመዱ ልጄንም ሳብ አድርጎ አስረዘማት።
ድንጋይ ጠራቢው ሽማግሌ ኖኒዮስ ዘንድ ሄድኩ። ርግብ የያዘች ልጅ ቀድመው ቀርጸዋል። ፊቷ ገና ባዶ ነው። የማን ልጅ እንደምትሞት ሳያውቁ ነው የሚቀርጹት... ጽሑፉ በከሰል ተነድፏል እንጂ አልተቀረጸም። ስሜን እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው።
"ልጄ፣ ያለው ቦታ የሁለት ስም ነው" አሉኝ። "አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።"

ሚያዝያ 27
ጴጢሊያ ተመልሳ መጣች። ሉፐርኩስ ሊያስወጣት ተነሣ። ተው፣ እኔው አስወጣታለሁ አልኩት።
"የኔን ስም አስጠፍቼ ያንቺን አስነድፌአለሁ" አለች።
"ኤግናቲዮስስ?"
"ማንበብ አይችልም። ሁለት ስም ካየ ይበቃዋል።"
እውነቷን ነው። አብሬው ሳለሁ ውሉን ሁሉ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ምን ፈልገሽ ነው አልኳት።
"እጄ ላይ ነው የሞተችው" አለች። "ያልኖረችውን ሲጽፉባት ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ቀኑን ንገሪኝ።"
ነገርኳት። ሰዓቱን ጭምር... ጎህ ሲቀድ። አላመሰገንኳትም። ከወጣች በኋላ ቅናት አንጨረጨረኝ። "እጄ ላይ" አለች። የኔ እጅ የት ነበር?

ሚያዝያ 28
ካታለለችኝስ?

ግንቦት 12
አላታለለችኝም። ድንጋዩ ዛሬ ቆመ። ጠዋት ማንም ሳይመጣ ቀርቤ አነበብኩት። ሦስት ዓመት፣ አሥር ወር፣ አሥራ ሰባት ቀን። ከኤግናቲዮስ ስም ሥር፦ አውፊዲያ፣ እናቷ።
እነ ኤግናቲዮስ ሲመጡ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። እንደ ደንቡ መቃብሩ ላይ ወይን አፈሰሱ። ከዚያ ኤግናቲዮስ ዘመዶቹን ሰብስቦ፣ ያን ወፍራም ጣቱን ድንጋዩ ላይ እያስኬደ ያስነብባል። አስነባቢ ተገኝቶ! መጀመሪያ ስሙ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የኔ ላይ።
"ይቺ ደግሞ የኔዋ ጴጢሊያ" አላቸው።
አንድ የአጎቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አየ። ከዚያ ጴጢሊያን አየ። ጴጢሊያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።
ሰውዬው ነገ ይነግረው ይሆናል። ይነግረዋል። ኤግናቲዮስን አውቀዋለሁ፣ በዚያው ዕለት ከቤት ያስወጣታል።
አልወዳትም። አሁንም አልወዳትም።
ቤት ስመለስ ሉፐርኩስን ከላይኛው ክፍል ሱፉን አውጥተን አልጋ እናስገባበት አልኩት። ለማን ነው አለኝ።
ሰው ይመጣ ይሆናል አልኩት።