ክኒኑ የእኔ ነው

ቡሬ፣ መጋቢት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለያምሮት፤ ፈረስ ቤት፣ አባትሽ ቤት

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። በቅሎዋም ደህና ናት፤ በዚህ ቤት ስለ ልጅ የማትጠየቀው እሷ ብቻ ናት።

ሰላምታውን ላሳጥረው። እናቴ በዲያቆን ክንፈሚካኤል እጅ የላከችልሽን ክኒን እንዳትውጪ! ጀምረሽ እንደሆነም አቁሚና ሐኪም ጠይቂ። ክኒኑ የእኔ ነው።

አዎ፣ የእኔ። «አንተም ካልተመረመርህ አልመለስም» ብለሽ ከሄድሽ በኋላ ባሕር ዳር ሄድሁ። ሐኪሙ ያንቺን የምርመራ ወረቀት አይቶ፣ እኔንም መርምሮ «ባለቤትዎ ጤነኛ ናት፤ የእርስዎ ዘር ግን ቁጥሩ አንሷል» አለኝ። ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም ማለት ነው።

«ይህ ክኒን ለሴቷ እንቁላሏ እንዲበስል፣ ለአንዳንድ ወንድ ደግሞ ዘሩ እንዲበረክት ይታዘዛል» አለኝ።

«አንድ ክኒን ሴትና ወንዱን በምን ይለያል?»

«እሱስ አይለይም። አንጎልን ‹ታች ሆርሞን ጠፍቷል› ብሎ ያስደነግጠዋል። አንጎል ትእዛዝ ይሰዳል፤ ታች ያለውም ሥራ ይጀምራል።»

ያምሮት፣ ይህማ የቀበሌያችን አሠራር ነው! ከላይ መመሪያ ካልወረደ ታች ማን ይነቃነቃል?

«ሪፖርቱ መቼ ይደርሳል?» አልሁት።

ሳቀ። «የወንድ ዘር ለመብሰል ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ላይሠራም ይችላል። ሴት ግን ያለ ሐኪም ክትትል ብትወስደው የእንቁላል ከረጢቷ ሊያብጥ፣ መንታም ሊመጣ ይችላል።»

እንዲህ ተጠንቅቄ ያመጣሁትን እናቴ ከኮቴ ኪስ አገኘችው። ፋርማሲ ወስዳ ብታስጠይቅ «ልጅ ለሚፈልጉ ነው» አሏት። አለቀ! የልጅ መድኃኒት ከሆነ የምራት ነው። በአገራችን ወንድ የሚውጠው የኮሶና የወባ ክኒን ብቻ አይደል? ከጸበል ጋር ጠቅልላ ላከችልሽ።

ይህን የሰማሁት ትናንት፣ የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደርሶ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ነው። እናቴ «ለምራቴ መድኃኒት ሰድጃለሁ፤ ጸልዩላት» ትላለች። ሁሉም በአንድ አፍ «ማኅፀኗን ይፍታላት!»

ብድግ አልሁ። «አባቶቼ፣ ጸሎቱ ቤት ስቷል። መድኃኒቱ የታዘዘው ለእኔ ነው፤ ያምሮት ምንም የለባትም።»

የቄስ ገብረሰንበት ጠላ አፋቸው አጠገብ ቆመ።

«ዝም በል አንተ! ወንድ ልጅ እንዲህ ይናገራል?» አለች እናቴ።

«ሴቷማ ተናግራ ማን ሰማት?»

ሰው ሲበተን እናቴ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «ያ ክኒን ጾም ያስፈታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ አትጠብቂ። ሲመሻሽ ግን መደብሽን ስትለቀልቅ አየኋት።

የፈረስ ቤት ውርጭ አይንካሽ፤ የአባትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ክኒኑ ቢሠራም ባይሠራም መደቡ ደርቋል።

ክኒኑን ታዲያ በሰው እንዳትልኪው። ሰው ይሳሳታል። አንቺው ይዘሽልኝ ነይ።

ታማሚው ባልሽ፣
ይታገሱ